የባለ ፎቅ ቶርታ አቋቋም በራያ ቆላ፦ ምሰሶን፣ ሙቀትንና ዘመድን የተመለከተ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ባለ ሦስት ፎቅ ቶርታ ቆቦ ላይ በተጣለ ዳስ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ቢላዋ እስኪያነሡ ድረስ፣ በምን ኃይል ቆሞ እንደሚቆይ መመርመር ነው። ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ሚዜ አመራረጥና ስለ ጠላ አጠማመቅ ብዙ ተብሏል። ስለ ቶርታ አቋቋም ግን የተባለው ሁሉ ከወደቀ በኋላ የተባለ ነው፤ ለጥናት የሚመች ቋንቋም አይደለም።

ከንድፈ ሐሳቡ እንነሣ። የላይኛው ፎቅ በታችኛው ላይ ያረፈ ይመስላል። አላረፈም። ለስላሳ ኬክ ሌላ ኬክ የመሸከም አቅም ስለሌለው ባለሙያው በታችኛው ፎቅ ሆድ ውስጥ ቁመታቸው ከኬኩ እኩል የሆኑ ዘንጎች ይተክላል። በዘንጎቹ አናት ላይ ክብ ካርቶን ይጋደማል፤ ሁለተኛው ፎቅ የሚቀመጠው በካርቶኑ ላይ ነው። ክብደቱ ከካርቶን ወደ ዘንግ፣ ከዘንግ ወደ ጠረጴዛ ይወርዳል። በመካከል ያለው ኬክ ከሸክሙ ድርሻ የለውም፤ ምስጋናውን ብቻ ይቀበላል። አንዱ ዘንግ ትንሽ ካጠረ ካርቶኑ ያዘማል፣ ካርቶኑ ካዘመመ ክሬሙ ያንሸራትታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የአማች ጉዳይ ነው። ዳስ ሲጣል የባላዎቹን ቁመት በዓይኑ ለክቶ የሚያስተካክል የቆቦ ጎልማሳ ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ቶርታውን ለማቆም ግን ማንም አልጠራውም።

ቀደምት ሥራዎችን ስንቃኝ እንግሊዞችን እናገኛለን። በፈረንጆቹ 1947 ልዕልት ኤልሳቤጥ ስትዳር የቀረበው ኬክ 4 ፎቅ፣ ወደ 2.7 ሜትር ቁመትና ወደ 227 ኪሎ ክብደት ነበረው። ፍራፍሬ የታጨቀበት ድርቅ ያለ ኬክ ነው፤ የሚለበጥበትም ስኳር ሲደርቅ እንደ ኖራ ይጠነክራል። የቆመው ደግሞ በኅዳር፣ ለንደን ውስጥ ነው። ቆቦ ላይ አልተሞከረም።

ሀገራችንም ብትሆን ለባለ ፎቅ ነገር እንግዳ አይደለችም። አክሱም ላይ ወድቆ የሚታየው ትልቁ ሐውልት 13 ፎቅ ተቀርጾበታል፤ 33 ሜትር ይረዝማል፣ ወደ 520 ቶን ይመዝናል። ብዙ አጥኚዎች ገና ሲተከል ወይም እንደተተከለ ሳይሰነብት መውደቁን ይገምታሉ፤ መሠረቱ ለቁመቱ አይመጥንም ነበር ይባላል። በቦታው ቪዲዮ አንሺ ስላልነበረ ጥፋቱን የሚወስድ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ለማጓጓዙም ቢሆን ምሳሌ የሚሆነን አክሱም ነው። ጣልያን የወሰደው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ የመጣው በሦስት ተከፍሎ፣ በአውሮፕላን ነው፤ በቦታው ተገጣጥሞ የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ ቶርታ የሚያመጣ ወገንም ፎቁን ለያይቶ መጫን እንዳለበት ያውቃል። ልዩነቱ አውሮፕላኑ ላይ ነው። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን ትልቁን ፎቅ አክስት ጭናቸው ላይ ያደርጉታል፣ መካከለኛውን ሚዜው ያቅፈዋል፣ ትንሹን ማን እንደያዘው ጎብዬ ላይ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ። የቆቦ ሜዳ ከምዕራብ በደጋው ተራራ፣ ከምሥራቅ በዞብል ሰንሰለት ታጥሮ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ቆላ ነው። ከትንሣኤ በኋላ የሠርጉ ወራት ሲከፈት፣ በተለይ በግንቦት፣ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ክሬሙ ውስጥ ያለው ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። የጎደለችውን ዲግሪ ሸራ በለበሰው ዳስ ውስጥ የታደመው ዘመድ ያዋጣታል። እርግጥ ቅቤ መቅለጡ ለራያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከፀጉር ላይ ቀልጦ በአንገት ሲወርድ ጌጥ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲወርድ ግን ጌጥነቱን የሚቀበል አልተገኘም። በዚህ ላይ ጭፈራ አለ። ዱላ የያዘ ጎረምሳ ከመሬት ተነሥቶ ሲያርፍ የሚፈጥረውን ንዝረት ያሰላ የኬክ መጽሐፍ አላጋጠመንም፤ መጽሐፎቹ የሚያውቁት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ሰው ነው።

ሙያው ለዚህ ሁሉ ያገኘው መልስ አስደናቂ ነው። ኬኩን ከኬኩ አወጣው። ዛሬ ከሦስቱ ፎቅ ሁለቱ ከፎም ተቆርጠው፣ ክሬም ተቀብተው የሚከራዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እውነተኛው ኬክ አንድ ፎቅ፣ አንዳንዴም ቢላዋ የሚገባባት አንዲት ቁራጭ ብቻ ነው። ፎም አይቀልጥም፣ ወልድያም ቆቦም አንድ ነው ለሱ። ከዚህ የሚከተለውን ሕግ ማውጣት ይቻላል፦ ቶርታ ከፍ ባለ ቁጥር ቶርታነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በቂ ከፍታ ላይ ሲደርስ ጨርሶ የሚበላ ነገር አይኖረውም። ሕጉ ለሌሎች ከፍ ከፍ ላሉ ነገሮችም ይሠራ እንደሆነ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

ግኝቱን ለአንድ የሙሽራዋ አጎት ለማስረዳት ሞክረናል።

«እና ይኼ የሚበላ አይደለም?»

«የታችኛው ብቻ ነው፣ አያ።»

«ታዲያ ሌላው ምን ይሠራል?»

«ለቪዲዮ ነው።»

ጥቂት አሰቡና «ጾም ነው ፍስክ?» ብለው ጠየቁ። ፎም የጾም መሆኑ ተነገራቸው፤ ደስ አላቸው።

የቀረው ያልተፈታ ችግር የመያዣው ገንዘብ ነው። ሙሽራው በስሜት ተነሣሥቶ ቢላዋውን ከተፈቀደለት ቁራጭ አልፎ ፎሙ ውስጥ ከሰነጠቀው አከራዩ መያዣውን አይመልስም። የወንዱ ወገን ቶርታውን ያዘዘችው የሴቷ እኅት ናት ይላል። የሴቷ ወገን ቢላዋውን የያዘው የእናንተ ልጅ ነው ይላል። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ፎሙ ከነስንጥቁ በማስረጃነት ይቀርባል። እስካሁን ባለው ልምድ መያዣውን የሚከፍለው ሚዜው ነው።