ከአንድ ራውተር ጀርባ፦ የቤተሰብን ወሰን በኢንተርኔት መስመር ስለመለየት የቀረበ አጭር ጥናት

ቤተሰብ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ብዙ ተደክሟል። የሕዝብ ቆጣሪዎች አብሮ የሚበላውን ይቆጥራሉ፤ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ፤ ዕድሮች ደግሞ ለማን ድንኳን እንደሚተከል በደንባቸው ይወስናሉ። ሦስቱም የተከበሩ ዘዴዎች ናቸው፤ ሦስቱም ግን ጊዜ አልፎባቸዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ግቢዎች ቤተሰብ ማለት ከአንድ ራውተር ጀርባ ያለ ሰው ሁሉ ነው።

ዋናው ማስረጃ የማሽኑ አሠራር ነው። የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት አድራሻዎች ጠቅላላ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ለሰው ሁሉ አንድ አንድ እንኳ አይዳረሱም። እ.ኤ.አ. በ1994 ለዚህ ችግር አንድ መላ ቀረበ። በዚህ መላ መሠረት ዴስክቶፑ፣ ላፕቶፑና የሰርቪስ ቤት ተከራይዋ ስልክ በግቢው ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ወደ ውጭ መልእክት ሲልኩ ግን ራውተሩ የላኪውን አድራሻ አንስቶ የራሱን ይጽፋል። ማን ምን እንደጠየቀ በመዝገቡ ይይዝና መልሱ ሲመጣ ለየባለቤቱ ያደርሳል። ዓለም የሚያውቀው አባወራውን ብቻ ነው። ኃላፊነቱም የጋራ ነው፦ የልጅ ልጅ በጌም ላይ ተሳድቦ ያ አድራሻ ቢታገድ፣ እገዳው አያቱንም ይጨምራል። የዝምድና ሕግ ከዚህ የጠበቀ አይገኝም። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚገባው መስመር ደግሞ ከአሠራሩ ጀምሮ ለመቀበል ፈጣን፣ ለመላክ ዘገምተኛ ነው፤ አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤት ይህን ጠባይ ለመረዳት መሐንዲስ አያስፈልገውም።

«የጋራ ቆጣሪም እኮ ተከራይን ከአከራይ ያገናኛል፤ ታዲያ መብራት የሚጋሩት ዘመድ ናቸው?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። አይደሉም። የመብራት ፍጆታ ሌላ ቆጣሪ ተገጥሞ ሊለይ ይችላል፤ ወርኃዊ ክፍያው ቁርጥ በሆነ የኢንተርኔት መስመር ላይ ግን አንድም ሰው ተጠቀመ ሰባት፣ ሒሳቡ ያው ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚካፈሉ ወንድማማቾች ብቻ ናቸው። «ዘመድ ከሆኑ መስመሩ ሲንቀራፈፍ ለምን ይጣላሉ?» ለሚሉም መልሱ ቀላል ነው፦ የሚጣሉት ሰዎቹ ናቸው። በዋይፋይ የተገናኙት ዕቃዎች ሌላው መናገሩን እስኪጨርስ አዳምጠው ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱ ድንገት ቢጋጩ እያንዳንዱ በዕጣ ለደረሰው ያህል ጊዜ ዝም ይላል። ይህን ሥርዓት የያዘ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሞባይል ዳታ ነው። እዚያው አልጋ ላይ ተኝቶ በራሱ ፓኬጅ የሚጠቀመው ወጣት የማን ቤተሰብ ነው? በዚህ ጥናት መሠረት ፓኬጁ እስኪያልቅ ድረስ ጎጆ ወጥቷል። የከፋው ግን የሞባይል ኩባንያዎችም ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ስለሚያወጡ፣ ወጣቱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቤተሰብ መመሥረቱ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራውተሩ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ግቢው በሙሉ በዚያው ደቂቃ ይፈርሳል፤ መብራቱ ሲመጣ፣ ፓስወርዱ እስካልተቀየረ ድረስ፣ ያለ ሽማግሌ ይታረቃል። የቤት ኪራይ ባልተከፈለበት ወር ፓስወርድ የሚቀይር አከራይ እንግዲህ ልጅን እንደመካድ ያለ ከባድ እርምጃ እየወሰደ ስለሆነ፣ ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ፊት ሊያደርገው ይገባል።