ደስታክ

ሰው ደስታን በወርቅም በሥልጣንም ሲፈልግ ኖሯል፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሎሌዎች ግን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት አገኙት። የቤንጋል ሰው ወረቀቷን «ደስታክ» ይላት ነበር። ስሙ የወጣው «ደስት» ከሚለው የፋርስ ቃል ነው፤ እጅ ማለት ነው። እጅ ሲባል እጅ መንሻ ትዝ ያለው አንባቢ አልተሳሳተም፤ የኩባንያው መልእክተኞች ዴልሂ የወጡት ስጦታ ጭነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1717 የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ፋሩክሲየር ኩባንያው በዓመት 3,000 ሩፒ እየከፈለ በቤንጋል ያለ ቀረጥ እንዲነግድ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ደስታክ የያዘ ጀልባ ኬላ ሲደርስ ቀራጩ ማኅተሙን አይቶ ያሳልፈዋል፤ ከኋላው የሚመጣው ያገሬው ሰው ጨው ግን ይፈተሻል፣ ይቀረጣል፣ ወንዙን ዝቅ ሲልም ሌላ ኬላ ይጠብቀዋል። ፈቃዱ የተሰጠው ለኩባንያው ንግድ እንጂ ለጸሐፊዎቹ ኪስ አልነበረም። ምስኪኖቹ ጸሐፊዎች ግን ደመወዛቸው ትንሽ፣ ልባቸው ሰፊ ነበር፤ በተለይ ኩባንያው በ1757 ፕላሲ ላይ ድል ካደረገ በኋላ የግል ጨዋቸውንና ትምባሆአቸውን በኩባንያው ስም አሳለፉ። ጨው መጫን የሰለቸው ደግሞ ደስታኩን ራሱን ለአገሬው ነጋዴ ይሸጠው ነበር።

የኩባንያው ጠበቃ «የቤንጋሉ ገዢ የናዋቡ ኬላዎችኮ የዘረፋ ጎሬ ነበሩ» ይለን ይሆናል። እውነት አለው፤ የኬላ ቀራጭ ቅዱስ ሆኖ አያውቅም። እንግዲያው ኬላው ቢነሣ ከሁሉ ቀድሞ እልል የሚለው ኩባንያው መሆን ነበረበት። ዕድሉም መጣለት። ናዋብ ሚር ቃሲም በ1762 መጨረሻ ከኩባንያው ገዢ ከሄንሪ ቫንሲታርት ጋር ተዋውሎ እንግሊዛውያኑ ለግል ንግዳቸው 9 ከመቶ እንዲከፍሉ ጠየቀ፤ ያገሬው ነጋዴ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይከፍል ነበር። የኩባንያው የካልካታ ምክር ቤት ይህን ግፍ መሸከም አቅቶት ውሉን አፈረሰ። ናዋቡም በ1763 እንግዲያው ማንም አይክፈል ብሎ ቀረጡን ለሁሉም አነሣ። ቀረጥ ጠሉ ምክር ቤት ምን አደረገ? ተቆጣ! ከቫንሲታርትና ከዋረን ሄስቲንግስ በቀር አባላቱ የቤንጋል ነጋዴ ይቀረጥልን አሉ። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ደስታክ የሚያወጣው ዋጋ ጎረቤት የሚከፍለው ቀረጥ ነው፤ ኬላ ከሌለ ወረቀቷ ለጨው መጠቅለያም አትሆን።

ስለዚህ ለኬላው ክብር ጦር ተሰበቀ። ሚር ቃሲም ተባረረ፤ በምትኩ ወደ ናዋብነት የተመለሰው ሚር ጃፋር ያገሬውን ሰው ቀረጥ መልሶ ሲጥል እንግሊዛውያኑ ከጨው 2.5 ከመቶ በቀር ምንም እንዳይከፍሉ ፈረመ። ሚር ቃሲምና አጋሮቹ በጥቅምት 1764 ቡክሳር ላይ ድል ሆኑ። በ1765 የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን በጊዜው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ ለራሱ ለኩባንያው ተሰጠ።