የክቡር 192.168.1.10 አጭር የሕይወት ታሪክ

ደሴ ፒያሳ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የፋይል ሰርቨሩ አድራሻ ሆነው ለዓመታት ያገለገሉት ክቡር 192.168.1.10 በድንገተኛ የስም ለውጥ ከሠራተኛው አፍ ተለይተዋል። ቅሬው ተሰብስቧል። የሟች ሃይማኖት በመዝገብ ስላልሰፈረ በወሎ ወግ ሼሁም ቄሱም ተጠርተዋል።

ሟች ከታላቁ የ192.168 ቤተሰብ ይወለዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 የተባለው ደንብ 65 ሺህ 536ቱም የቤተሰቡ አባላት ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ እንዲያገለግሉ ስለወሰነ፣ ሟችም እንደ ጨዋ ሰው ከራውተሩ ደጅ አልፈው አያውቁም። ችግራቸው የሞክሼ ብዛት ነበር። በየመሥሪያ ቤቱና በየሰው ሳሎን በዚሁ ቁጥር የሚጠራ አይጠፋም።

ይህን የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ይመስክር። ገንዘብ ያዧ ስልክ ደውላ ፋይሉ የት እንዳለ ብትጠይቅ፣ «መቶ ዘጠና ሁለት ነጥብ መቶ ስልሳ ስምንት ነጥብ አንድ ነጥብ አሥር በይ የኔ እህት» ተባለች። አለች። የተከፈተላት የገዛ ቢሯቸው ፕሪንተር ገጽ ነው፤ ቀለም ሊያልቅ መሆኑን ነገራት። የደሴው ሟች ሐረጎን ወርደው ሊደርሱላት አልቻሉም።

በሕይወት ሳሉ መኖሪያቸው ከየስክሪኑ ግርጌ የተለጠፈ ቢጫ ወረቀት ነበር። ጫፉ ተጠቅልሏል፤ የመጨረሻው ቁጥር ሁለት ጊዜ በስክሪብቶ ተሰርዞ ተጽፏል።

ለሞታቸው ምክንያት የሆነው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለነደፈው ከሟች በዕድሜ ይበልጣል፤ ፒያሳ ለመድረስ ግን አልቸኮለም። የአይቲው ልጅ ሰርቨሩ ላይ የስም መዝገብ ከፈተ፤ «ማኅደር.ኢንተርናል» የሚለውን ስም ከሟች ቁጥር ጋር አያያዘ፤ ኮምፒውተሮቹም ስም ሲጠሩ መጀመሪያ ይህን መዝገብ እንዲጠይቁ አደረገ። ኮምቦልቻን ወደ 192.168.2 አዛውሮ በቪፒኤን አገናኘ። «ኢንተርናል»ን የመረጠው በምክንያት ነው፤ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2024 ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ስለለየው፣ ነገ ከውጭ ገዝቶት የሚመጣ ባለቤት የለም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሟች አልሞቱም። ስሙ በተጠራ ቁጥር ከሥር ሆነው የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ከቀብር በኋላም ሥራ የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛ ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ለቀስተኞች አደራ አለባችሁ። ቢጫውን ወረቀት ከስክሪኑ ላጡት። ሰርቨሩ ቁጥር ሲቀይር መዝገቡም አብሮ ይታረም፤ ያለዚያ ስሙም እንደ ወረቀቱ ይዋሻል። የመዝገቡን የይለፍ ቃል ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፤ የአይቲው ልጅ ዝውውር የደረሰው ዕለት እውነተኛ ለቅሶ እንዳንቀመጥ።