ሕማመ ተማሪ

ከደዌያት ሁሉ መርምሮ ለመድረስ እጅግ የሚያስቸግረው፣ የሒሳብ ፈተና በሚሰጥበት ማለዳ ተነሥቶ የትምህርት ቤቱ ደወል እንደ ተደወለ የሚበርደው የተማሪ ትኩሳት ሳይሆን አይቀርም። ጥቁር ሰሌዳ ለማየት ዐይኑን መግለጥ የተሳነው ይህ ድውይ፣ እናቱ ዳማከሴ አሽታ ካስሸተተችውና «አይዞህ የኔ ልጅ» ብላ ወደ ሥራዋ ከሄደች በኋላ፣ ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ደርቦ ሙታን ከመቃብር የሚነሡበትን ፊልም እስከ ፍጻሜው ለመመልከት የሚበቃ ጽንዐት ከላይ ይሰጠዋል።

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» ፊልም ውስጥ በመታጠቢያ ቤቱ የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ መሆኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እውነተኛው ደም ዝውውር የባዮሎጂ መምህሩ ቢጠይቁት ግን እንደ ዘካርያስ አንደበቱ ይታሰራል። ማታ እናቱ ለጉንፋኑ ነጭ ሽንኩርት በማር ስታቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድ ድራኩላም የሚሸሸው ይህንኑ ነውና፣ ታማሚውና ደም መጣጩ ቢያንስ በዚህ አንቀጽ አንድ ማኅበር ናቸው።

ከአጋንንቱ ሠራዊት ጋር ቀኑን ሙሉ ያለ ፍርሃት የዋለው ጀግና በእውነት የሚንቀጠቀጠው ግን በማግስቱ ነው፤ የፊልም ሠሪዎች ጥበብ «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ዩኒት ሊደር የሚያህል ፍጡር እስከ ዛሬ አልወለደምና።