ሁለቴ የሞተ ነርቭ

እኔ ለቅሶ ቤት እንባ የለኝም። ባለፈው ጥር ግን የጎረቤታችን አማች አርፈው (ሁለቴ ብቻ ነው ሰላም የተባባልነው) ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቃምኩ ሳለ አንዲት ያልበሰለች ሽምብራ ላይኛው መንጋጋዬ ሥር ገባች። «ወይኔ!» ብዬ ጉንጬን ይዤ ብድግ አልኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በርዶ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ቀለጠ። አንዲት አሮጊት ትከሻዬን እየደባበሱ «ምን ያህል ቢወዳቸው ነው!» አሉ። ምን ልበል?

ያ ጥርስ ከ8 ዓመት በፊት ሩት ካናል ተሠርቶለታል። «ነርቩን ገድለነዋል፤ ብቻ ቶሎ ክራውን አስገባበት» ተብዬ ነበር። የክራውኑን (ጥርሱ ላይ የሚደፋ ቆብ ነው) ዋጋ ስሰማ የፋሲካ በግ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በጉን ገዛሁ። ጥርሱም ዝም አለ፤ ዝም ያለ ሁሉ የዳነ ይመስለኛል።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ «የሞተ ነርቭ እንዴት ያማል?» ብዬ ሐኪሟን ሞገትኳት። ራጁን አሳየችኝ። የሥሩ ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ጥላ ተቀምጣለች።

«ነርቩማ የለም። ያመመዎት ጥርሱን ያቀፈው አጥንትና ጅማቱ ነው። ኢንፌክሽኑ አጥንቱን ቀስ እያለ ሲበላ ለዓመታት ላይሰማዎት ይችላል።»

ይህ መንጋጋ ሦስት ሥር ቢኖረውም ውስጡ ያሉት ቦዮች ብዙ ጊዜ አራት ናቸው። አራተኛው እንደ ፀጉር ስለሚቀጥን ያመልጣል፤ የእኔም አምልጧል። ያመለጠው ቦይ ውስጥ ምግብ ሳያገኙ ረጅም ጊዜ መቆየት የሚችሉ ባክቴሪያዎች ይመሽጋሉ። በዚያ ላይ የሙሌቱ ጠርዝ ተላቆ ምራቅ ያስገባ ነበር፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ ቤት። ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ሐኪሟ አልፈረደችም። እኔ በጉን ጠረጠርኩ።

ሩት ካናሉን እንደ አዲስ ስትጀምር አሮጌውን ጉታ ፐርቻ (ቦዮቹ የተሞሉበት፣ ከዛፍ ወተት የሚገኝ ነገር ነው) እየቆፈረች ስታወጣ የሸተተኝን አልነግራችሁም። ከዚያ ቦዮቹን ያጠበችው በምን መሰላችሁ? በሶዲየም ሃይፖክሎራይት። ስሙ ቢያስፈራም በረኪና ውስጥ ያለው ያው ነው፤ አፌ የእናቴን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሸተተ። በአጉሊ መነጽር ስትፈልግ ቆይታ አራተኛውን አገኘችው። «ይኸው!» ስትል ጠፍቶ የተገኘ ከብት ያየች ትመስላለች።

አርባው የዋለው በሕክምናዬ መሃል ነበር። ጉንጬ አብጦ ሄድኩ። ያቺ አሮጊት ከሩቅ አይተውኝ መጡ።

«ልጄ፣ እስካሁን አልወጣልህም?»

«አይወጣም እማማ። ሐኪሟ ይተርፋል ብላኛለች።»

አማተቡ።