«ተከተሉኝ» ባይ

ለትምህርት ወደ ማድሪድ ስመጣ በርበሬውና ሽሮው ተመዝኖ አለፈልኝ። ጉራዬን ግን የመዘነው አልነበረም። «አላውቅም» የምትለዋን ቃል አፌ አይወልዳትም። መንገድ የጠየቀኝን ሰው፣ ሰፈሩን ረግጬው ባላውቅም፣ በእጄ ጠቁሜ ነው የምሸኘው።

አንድ ቅዳሜ ከሁለት የክፍል ልጆች፣ ከጣሊያናዊና ከፖላንዳዊት ጋር፣ ሴጎቪያን ልናይ ተነሳን። «አስጎብኚው እኔ ነኝ» አልኩ። ዝግጅቴ ከመኝታ በፊት በስልኬ ያነበብኳት አንዲት ገጽ ናት።

ከማድሪዱ ቻማርቲን ጣቢያ የተነሳው ፈጣን ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ አደረሰን። የሴጎቪያ ጣቢያ ግን ከከተማው ርቆ ሜዳ ላይ ነው የተተከለው። የከተማው አውቶቡስ በር ላይ ቆሟል። እኔ በአገጬ ወደ ፊት ጠቁሜ «እዚህችው ናት፣ በእግር ተከተሉኝ» አልኩ። አገር ቤት ገበሬ «እዚህችው ናት» ካለ ግማሽ ቀን እንደሚያስኬድ አጥቼው አይደለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዝን። አውቶቡሱ ሁለቴ አለፈን፤ በሁለተኛው ጣሊያኑ እጁን አውለበለበለት።

ደግነቱ ሮማውያን የሠሩት የውሃ ድልድይ የእግርን ድካም ያስረሳል። ወደ 1,900 ዓመት ሆኖታል፤ ከፍ የሚልበት ቦታ 28 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የግራናይቱ ድንጋይ ያለ ኖራ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድሮ ቆሟል። ይህን ሁሉ ከገጿ ሸምድጄ ስለነበር በኩራት አወረድኩት። ፖላንዳዊቷ ግን ጠጋ ብላ አንዱን ድንጋይ ዳሰሰችና ጣቷን የጣት ጫፍ በሚያስገባ ጎድጓዳ ውስጥ ከተተች። «ይሄስ ምንድነው?»

ገጿ ላይ የለም።

«ጥይት ነው» አልኩ። «የ1936ቱ የእርስ በርስ ጦርነት።» ድምፄንም ዝቅ አደረግኩ፣ ለሟቾች ክብር።

ውሻቸውን ይዘው ቆመው የሚሰሙን አንድ ሽማግሌ ሳቅ ብለው በስፓኒሽ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ከሁሉ «ብረት» የምትለዋን ነው የያዝኩት። «ጥይቱ የብረት ነበር እያሉ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ፖላንዳዊቷ አየችኝ። «አይደለም። ድንጋዩን ወደ ላይ ሲስቡት መቆንጠጫው ብረት የነከሰው ቦታ ነው ነው የሚሉት።» ለካ አገሯ ሳለች አራት ዓመት ስፓኒሽ ተምራለች። ለምን አልነገረችኝም? አልጠየቅኋትማ።

ሽማግሌው ቀጠሉ፣ አሁን ለሷ ብቻ። ውሃ መቅዳት የታከታት አንዲት ልጅ፣ ዶሮ ሳይጮህ ውሃውን ደጃፏ ቢያደርስላት ነፍሷን ልትሰጠው ከሰይጣን ጋር ተዋዋለች። ሰይጣን ሌሊቱን ሙሉ ሲገነባ አድሮ አንዲት ድንጋይ ስትቀረው ነጋበት። መሸነፍ አልወድምና «የኛን ላሊበላ የሠሩት መላእክት ናቸው፤ አንድም ድንጋይ አልቀረባቸውም» አልኩ። ጣሊያኑ ደግሞ አያቶቹ የለፉበት ለሰይጣን በመሰጠቱ ተቆጣ። ዓድዋን ላነሳበት አፌን ስከፍት ፖላንዳዊቷ «ራበኝ» አለች።

ምሳውንም እኔ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ኮቺኒዮ?» ሲለኝ «ሲ፣ ሲ!» አልኩት። የጥጃ ዓይነት መሆኑንም ለጓደኞቼ አብራራሁ። ፖላንዳዊቷ «እርግጠኛ ነህ?» አለች። እንዴታ!

የመጣው ጆሮው፣ አፍንጫውና አራት እግሩ ያልጎደለ የአሳማ ግልገል ነው፤ ቆዳው እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቀልቷል። አስተናጋጁ በቢላ ፈንታ በሳህን ጠርዝ ገጭ ገጭ እያደረገ ቆራረጠው። ሥጋው ምን ያህል እንደለሰለሰ ለማሳየት ነው፣ የከተማው ወግ ነው። በአርባ ቀኔ ክርስትና ከተነሳሁ ወዲህ አሳማ አፌ ገብቶ አያውቅም። «ጠግቤያለሁ» አልኩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ብቻ የጠጣሁት ሰውዬ። ዳቦዬን በሰላጣ ገመጥኩ። ሂሳቡ ለሦስት ተካፈለ።

አልካሳር ቤተ መንግሥቱ ጋ «2,300 ሜትር ላይ ያደገ ሰው ደረጃ አይፈራም» ብዬ ማማውን ስወጣ ግማሹ ላይ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ። ቁልቁል ሲመለሱ ኢሳቤላ በ1474 ንግሥት ተብላ የታወጀችው በዚችው ከተማ እንደሆነ ነገርኳቸው። ለሦስተኛ ጊዜ።

ወደ ጣቢያው የተመለስነው በአውቶቡስ ነው፤ ትኬቱን የቆረጠችው ፖላንዳዊቷ ናት።

ማታ እማዬ ደወለች። «ምን በላህ የኔ ጌታ?»

«የጠቦት ጥብስ፣ እማዬ።»

«እሰይ! ከነአጥንቱ?»

«ከነጆሮው» አልኳት።