የግሪሳው ግንብ

ከማጀቴ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ማሽላው ወተት በሚቋጥርበት ወር፣ የግሪሳ መንጋ በግራሩ ላይ ይሰፍራል። ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ጎጆ በጎጆ ላይ ይንጠለጠላል። የግሪሳ ጎጆ ግን ዕድሜ የለውም። አባወራው በሁለት በሦስት ቀን ይጎነጉነዋል፣ እናትየው እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ ጫጩቶቹ ክንፍ ሲያወጡ መንጋው ተነሥቶ ይሄዳል፤ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል። አያት ቅድመ አያት እንዲህ ኖረዋልና ሌላ ኑሮ ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ወጣት ግሪሳ ጠየቀ። ጥሬ ፍለጋ ሲዞር በተራራው ወገብ ላይ ያረጀ የድንጋይ ግንብ አየ። ጣራው ወድቋል፣ ግድግዳው ቆሟል። በዚህ በይፋት አገር እንዲህ ያለ ብዙ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሱልጣኖች አገሩን መግዛት ከጀመሩ በኋላ፣ እንደ ኖራ ያሉ ከተሞች ከነመስጊዳቸው በድንጋይ ታንጸው ነበር፤ ሰዉ ካለቀ ዘመን አልፏል፣ ግድግዳው ግን አለ። ወጣቱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ቀትሩን አሳለፈ። ውጭ የቆላው ፀሐይ ምድሩን ያቃጥላል፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ።

"ቤቴን ግንቡ ላይ ልሠራ ነው" አለ ማታ።

ሳቁ ከግራር ወደ ግራር ተላለፈ። "ግሪሳና ድንጋይ ምን አገናኛቸው?" አለ አንዱ። "ማንስ ያገባዋል?" አለች ሌላዋ። አጎቱ ግን አልሳቀም።

"ልጄ፣ ጭልፊት ሲመጣ ሺህ ሆነን ስንነሣ ማንን ይዞ ማንን እንደሚተው ይጠፋበታል። ብቻህን ስትሆን አንተኑ ብቻ ነው የሚያይ። ስለ ወግ አይደለም የምነግርህ፣ ስለ ነፍስህ ነው።"

አጎትየው ልክ ነበር። ካልተለመደ ቤት ጋር አደጋ አብሮ ይገባል፤ የለም ብሎ የሚያደፋፍር ወዳጅ አይደለም።

"አጎቴ፣ አውሮፕላኑስ?" አለ ወጣቱ። "መርዙን የሚረጨው በአንድ ግሪሳ ላይ ነው ወይስ በመንጋ? ገበሬውም ወዶ አይደለም። ልጆቹን ማማ ላይ አውጥቶ፣ ወንጭፍ አስይዞ፣ ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ነው አውሮፕላን የሚመጣለት። የዓመት ልፋቱን በአንድ ጠዋት እንበላበታለን።"

አጎትየው መልስ አልነበረውም። በዚያ መርዝ ሁለት ወንድሞቹን አጥቷል።

በማግስቱ ወጣቱ አያ አሞራን ሊያማክር ሄደ፤ አሞራ ከፍ ብሎ ስለሚበር ብዙ አገር አይቷል።

"አያ አሞራ፣ እንደኔ ያበደ ሌላ አለ?"

"ወደ ከሚሴ በኩል ሂድና ሾንኬን እይ" አለው። "አርጎቦች ተራራ አናት ላይ በድንጋይ ቤት ይኖራሉ፤ ጣራቸው አፈር ነው። ዙሪያው ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ እነሱ የአባቶቻቸውን ግድግዳ ይዘዋል። አዲስ አበባም መካኒሳ ላይ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከተማው በሲሚንቶና በመስታወት ሽቅብ ሲወጣ፣ እነሱ በጭቃና በጭድ ገነቡ። ዞማ ሙዚየም ይባላል፤ በ2011 ዓ.ም ተከፈተ። ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አንተም ቶሎ አልቆ አገኘዋለሁ ብለህ አትጀምር።"

ሾንኬ ደረሰ። ግድግዳው ወፍራም፣ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ፣ ቤቱ ከዳገቱ ጋር የተጣበቀ ነው። እዚያው ግድግዳ ላይ የምትኖር ድንቢጥ "ድንጋይ አይጎነጎንም፤ ምንቃርህ የሚያውቀውን ያህል የማያውቀውንም ተማር" አለችው።

ተመልሶ ሥራ ጀመረ። ግሪሳ ሲሠራ እርጥብ ሣር በምንቃሩ ሰንጥቆ ያመጣል፤ አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ ይይዛል፤ ሌላውን በቅርንጫፉ ዙሪያ ያዞርና በራሱ ሥር አሾልኮ ይስበዋል። ቋጠሮው እንዲህ ይጠብቃል። ግንቡ ላይ ግን ቅርንጫፍ የለም። ሣሩ በድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል፣ የጎጆው መነሻ ቀለበት ግማሽ ሲደርስ ይወድቃል። ከሥር የሚያልፉ ግሪሶች ያዩታል። ከሳቃቸው ይልቅ የሚከብደው ግን ምሽቱ ነበር። መንጋው ሲገባ ጫጫታው ከቆላው እስከ ተራራው ይሰማል፣ የናቱን ድምፅ እንኳ ለይቶ ያውቃል፤ ክንፉን ዘርግቶ ሊሄድ ሲል ስንት ጊዜ መልሶ አጥፎታል።

በመጨረሻ ከስንጥቁ ውስጥ የሾላ ሥር አገኘ። ወፍ የጣለው ፍሬ በቅሎ ድንጋዩን አቅፎ ይዟል። የመጀመሪያውን ቋጠሮ እዚያ ላይ አሰረ። ያዘ።

ቀለበቱ ሲያልቅ አንዲት ሴት ግሪሳ መጣች፣ ምንቃሯ ለመውለድ ቢጫ ሆኗል። ሴት ግሪሳ ቤት ስትመርጥ ገብታ ትፈትሻለች። ገባች፣ ሣሩን ጎተተች፣ ግድግዳውን በክንፏ ዳሰሰች።

"ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?" አለች።

"የሚሉሽን እኔም ተብያለሁ።"

"ቀትሩ እዚህ እንዲህ ነው?"

"ሁልጊዜ።"

ቀረች። እኔ የሷን ድፍረት ከሱ አሳንሼ አላይም። እሱ ያለመውን ቤት ነው የሠራው፤ እሷ ግን ያላለመችውን አይታ መረጠች።

ጫጩቶች ወጡ። አንዱን ጭልፊት ወሰደው፤ አጎትየው የተናገረው ደረሰ ማለት ነው። ጥንዶቹ አዘኑ፣ መግቢያውን አጥብበው እንደገና ጎነጎኑ። መንጋው ሲሄድ አልሄዱም፤ በሌላው ዝናብ ተመልሶ ሲመጣ ቤታቸው እዚያው ነበር።

አጎትየው ሊጠይቃቸው መጣ። ደጁ ላይ ቆሞ ድንጋዩን ብዙ አየ።

"ዋጋ ከፍለሃል" አለ።

"ከፍያለሁ፣ አጎቴ።"

"እኔ አርጅቻለሁ፣ ከግራሩ አልወርድም። ይህችን ግን አምጥቼልሃለሁ፤ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት፣ ሌሊት እንቅልፍ የላትም።"

ከኋላው አንዲት ትንሽ ግሪሳ ብቅ አለች። ሥሩን በምንቃሯ ነካ ነካ አደረገች።

"እኔ ሥር ባላገኝስ?" አለች።

"ከግንቡ ጀርባ ሌላ ስንጥቅ አለ" አላት። "ሥር ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ነይ፣ ሳይመሽ ሄደን እንየው።"